ጨረሩ ሞቶ ሥርዓቱ ቀረ

ታሪክ ሲባል ለብዙዎቻችን ቀድሞ የሚታወሰን የነገሥታት ዜና መዋዕል፣ የጦር ሜዳ ውሎና የመንግሥታት ውል ነው። ዕቃ ታሪክ የለውም ያለው ግን ማን ነው? እንዲያውም ዕቃ የአያት የቅድመ አያቱን ልማድ፣ ምክንያቱ ከጠፋ በኋላ እንኳ፣ ሳያፍር ይዞት ይዞራል። በኪሳችን ባለው ስልክ፣ በባንኩ የገንዘብ መክፈያ ማሽን፣ በሆስፒታሉ የልብ ምት መከታተያ ውስጥ ከሁለት ጣት የማትሰፋ ጠፍጣፋ የሽቦ ጥብጣብ አለች። በአንድ ጫፏ ስክሪኑ፣ በሌላው ጫፏ የመሣሪያው አንጎል ተያይዘዋል። ሥራዬ ኤሌክትሮኒክስ ነውና እነዚህን ጥብጣቦች ስነቅልና ስሰካ ዓመታት አልፈዋል። ዛሬ ላወራችሁ የፈለግሁት በእነሱ ላይ ስለሚመላለሰው ንግግር ነው። ማን ጀመረው? ለምንስ እንዲህ ሆነ? የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጨረሩ

ነገሩ የሚጀምረው በ1897 ነው። ካርል ፈርዲናንድ ብራውን የተባለው ጀርመናዊ የፊዚክስ ሊቅ አየሩ በተመጠጠ የመስተዋት ቱቦ ውስጥ የኤሌክትሮን ጨረር ለቅቆ፣ ጨረሩ የነካው ቦታ እንዲያበራ አደረገ። የአሮጌው ቴሌቪዥን ሆድ ያን ያህል ወደኋላ የገፋው ይህን ቱቦ ለመሸከም ነበር። ቴሌቪዥን ሥዕሉን ባንድ ጊዜ አይዘረጋውም ነበር፤ ጨረሩ ከላይ ከግራ ጥግ ተነሥቶ ወደ ቀኝ አንድ መስመር ይሥላል፣ ከዚያ ወደ ግራ ተመልሶ ቀጣዩን መስመር ይይዛል። እንደሚያርስ በሬ በሄደበት ትልም ጫፍ ዞሮ አይመለስም። የጸሐፊን እጅ ነው የሚመስለው፤ መስመሩን ሲጨርስ ብዕሩን አንሥቶ ወደ ግራ ይመለሳል።

የመጀመሪያው ችግር የመጣው ከዚህ መመለስ ነው። ጨረሩ ሲመለስ እየበራ ከተመለሰ ሥዕሉን ይሰርዘዋል። ስለዚህ ሲመለስ መጥፋት አለበት፤ ለመመለሻውም ጊዜ ሊሰጠው ይገባል። መቼ መመለስ እንዳለበትም አንድ ምልክት ሊነግረው ያስፈልጋል፤ ይህ የመስመር ማመሳሰያ ተባለ። ከታች ደርሶ እንደገና ወደ ላይ እንዲወጣ የሚያዝዘው ደግሞ የገጽ ማመሳሰያ ሆነ። ከማመሳሰያው በፊትና በኋላ ትንሽ ትንሽ የዝምታ ፋታ ተጨመረ። የዘመኑ መሐንዲሶች ምልክቱ በመለኪያ ላይ ሲሳል የቤት መልክ ታያቸውና ፋታዎቹን «የፊት በረንዳ» እና «የኋላ በረንዳ» አሏቸው።

አሜሪካኖች በ1941 ሥዕሉ 525 መስመር ይሁን ብለው ደነገጉ። በአውሮፓ ደግሞ 625 መስመር በሰከንድ 25 ጊዜ የሚሠራበት ደንብ ተስፋፋ፤ በ1964 ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ቴሌቪዥንም የተከተለው ይህንኑ ነው። በዚህ ደንብ አንድ መስመር የሚፈጀው ጊዜ የሰከንድ 64 ሚሊዮንኛ ነው። ከዚያ ውስጥ 12ቱ ዝምታ ነው፤ ለጨረሩ መመለሻ የተተወ። ወላጆቻችን ዜና ሲያዩ ካሳለፉት ጊዜ ውስጥ ከአምስት አንድ እጅ ያህሉ ጨረሩ ጠፍቶ ወደ ግራ የሚሮጥበት ነበር ማለት ነው። ማንም አላየውም፤ እንዳይታይም ነበር የተሠራው።

ካሮቱና መስተዋቱ

ጨረሩን የገደለው ነገር ከጨረሩ ቀድሞ መወለዱ የሚገርም ነው። በ1888 በፕራግ ፍሪድሪኽ ራይኒትሰር የተባለ የዕፅዋት ተመራማሪ ከካሮት ያወጣውን ንጥረ ነገር ሲያሞቅ ሁለት ጊዜ የሚቀልጥ ሆኖ አገኘው። በ145.5 ዲግሪ ቀልጦ ድፍርስ ፈሳሽ ሆነ፤ በ178.5 ዲግሪ ደግሞ ድፍርሱ ጠርቶ ኩልል አለ። ግራ ቢገባው ለኦቶ ሌማን ጻፈለት፤ ሌማን በማይክሮስኮፕ ካየው በኋላ ነገሩ እንደ ውሃ የሚፈስ፣ እንደ ክሪስታል ግን ሥርዓት ያለው መሆኑን ተረዳ። «ፈሳሽ ክሪስታል» የሚለው ስም የተገኘው በዚህ መንገድ ነው። ከዚያ በኋላ ነገሩ ለሰባ ዓመት ያህል የምሁራን መገረሚያ ከመሆን እምብዛም አላለፈም።

በ1968 አር.ሲ.ኤ. የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በጆርጅ ሃይልማየር የተመራው ቡድን በፈሳሽ ክሪስታል የሠራውን ማሳያ ለጋዜጠኞች አሳየ። በ1970 ማርቲን ሻትና ቮልፍጋንግ ሄልፍሪኽ በስዊትዘርላንድ በጣም ትንሽ ኤሌክትሪክ የሚበቃውን የተጠማዘዘ አሠራር አስመዘገቡ። በእንግሊዝ አገር በሃል ዩኒቨርሲቲ ጆርጅ ግሬይና ባልደረቦቹ በክፍል ሙቀት የማይበላሽ ፈሳሽ ክሪስታል አገኙ። በ1973 ሻርፕ በፈሳሽ ክሪስታል ማሳያ የሚሠራ የኪስ ሒሳብ ማሽን ለገበያ አቀረበ።

ነገር ግን ለቁጥር የሚበቃው ለሥዕል አይበቃም። የነጥቦቹ ቁጥር ሲበዛ በረድፍና በዓምድ ብቻ ማዘዝ ያስቸግራል፤ ለአንዱ የተላከው ትእዛዝ ለጎረቤቱ ይተርፋል። በዌስቲንግሃውስ ይሠራ የነበረው ፒተር ብሮዲና ቡድኑ በ1970ዎቹ መጀመሪያ መፍትሔውን አሳዩ፤ ረድፍና ዓምድ በሚገናኙበት በእያንዳንዱ ቦታ አንዳንድ ትራንዚስተር እንደ ዘበኛ አቆሙ። ዘበኛው በሩን የሚከፍተው የራሱ ረድፍ ሲጠራ ብቻ ነው። በ1979 ደግሞ በስኮትላንድ በደንዲ ዩኒቨርሲቲ ስፒርና ለኮምበር ይህን ዘበኛ ከሲሊከን በመስተዋት ላይ መሥራት እንደሚቻል አሳዩ። በ1988 ሻርፕ 14 ኢንች ባለ ቀለም ሰሌዳ ይዞ ብቅ ሲል ቱቦው ሞቱ እንደቀረበ ታወቀ።

ፊደል የቆጠረው ሰሌዳ

እዚህ ላይ አንድ ጊዜ ቆም ብለን የእኛን ጉዳይ እንይ። በ1980ዎቹ ሂታቺ ኤች.ዲ. 44780 የሚባል መቆጣጠሪያ አወጣ። ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ በፎቶ ኮፒ ማሽን፣ በማተሚያ፣ በሱቅ ሒሳብ መመዝገቢያ ላይ በሁለት መስመር ጥቁር ፊደል የሚያሳየው ትንሽ ሰሌዳ ነው። ግንኙነቱ ቀላል በመሆኑ ዓለም ሁሉ ተቀበለው። 14 ፒን አለው፤ መብራት ሲጨመርበት 16 ይሆናል። አንዱ መሬት፣ አንዱ ኃይል፣ አንዱ የጽሑፉን ድምቀት ማስተካከያ ነው። አንዱ «የምልክልህ ትእዛዝ ነው ወይስ ፊደል?» የሚለውን ይለያል፤ አንዱ መጻፍንና ማንበብን ይለያል፤ አንዱ «አሁን ተቀበል» ይላል። የቀሩት ስምንቱ የሚላከውን ነገር ራሱን ይሸከማሉ። ሽቦ የሚቆጥብ ሰው በአራቱ ብቻ፣ በሁለት ዙር ሊልክ ይችላል።

ይህ ሰሌዳ ፊደል የቆጠረ ነው። የፊደሎቹ መልክ በፋብሪካ ውስጡ ተቀርጿል፤ አንጎሉ ሥዕል ሳይሆን የፊደሉን ቁጥር ብቻ ይልክለታል። ታዲያ የቆጠረው የማንን ፊደል ነው? በአንደኛው ዓይነት የላቲንና የጃፓን ካታካና፣ በሌላው ዓይነት የላቲንና የሌሎች የአውሮፓ ፊደላት ነው። የግዕዝ ፊደል አልነበረበትም። ተጠቃሚው የራሱን ቅርጽ እንዲስል የተተወለት ባዶ ቦታ ስምንት ብቻ ነበር፤ እያንዳንዱም በወርድ አምስት፣ በቁመት ስምንት ነጥብ ነው።

እስቲ አብረን እናስላው። መደበኛው ፊደላችን 33 ጊዜ ሰባት፣ 231 ነው። በስምንት ቦታ ከሀ እስከ ሆ ሰባቱን ብናስገባ የሚተርፈን አንድ ብቻ ነው። አምስቱ ነጥብስ ይበቃል? ሐመሩን ሐ ውሰዱ። ሦስት እግር አለው፤ በእግሮቹ መካከል ሁለት ክፍተት ያስፈልጋል። ሦስትና ሁለት አምስት፤ ወርዱ አለቀ። ለሑ ከጎን የምትቀጠለው ምልክት የምታርፍበት ቦታ የለም። በዚህ ሰሌዳ ላይ አማርኛ ለመጻፍ የሞከረ ሁሉ ከዚህ ግድግዳ ጋር ተጋጭቷል። ማሽኑን የሚጠቀመው ሰው ጎንደሬም ይሁን ሸዋዬ፣ ወረቀት ማለቁን የሚነገረው በእንግሊዝኛ ሆነ። ይህን ሁሉ ዓመት እንዲህ የሆነው በአምስት ነጥብና በስምንት ባዶ ቦታ ነው። ክፋት አይደለም፤ ሰሌዳውን የነደፉት ሰዎች ፊደል ሲቆጥሩ እኛ በክፍሉ ውስጥ አለመኖራችን ነው።

መልካሙ ዜና የመጣው ስክሪን ማንበብ ሲተው ነው። ባለ ቀለሙ ሰሌዳ ፊደል አያውቅም፤ የሚያውቀው ነጥብ ብቻ ነው። ፊደሉን የሚስለው አንጎሉ፣ ማለትም ፕሮግራሙ ነው። በ1999 ዩኒኮድ 3.0 ሲወጣ የኢትዮጵያ ፊደል በዓለም አቀፉ መዝገብ የራሱን ቁጥሮች አገኘ። ነጥብ ብቻ የሚያውቅ ስክሪንና ፊደላችን የተመዘገበበት ደንብ ሲገናኙ፣ ዛሬ በእጃችን ባለው ስልክ አማርኛ መጻጻፍ ተቻለ። ሰሌዳው ፊደል መቁጠሩን ሲረሳ የእኛ ፊደል ገባ።

ለሌለ ጨረር የሚሰጥ ዕረፍት

ወደ ጥብጣቧ እንመለስ። በብዙ መሣሪያዎች ላይ የምናገኘውን ባለ 7 ኢንች ሰሌዳ ውሰዱ። ወርዱ 800፣ ቁመቱ 480 ነጥብ፣ ጥብጣቡ ብዙውን ጊዜ ባለ 40 ፒን ነው። ስምንት ሽቦ ለቀይ፣ ስምንት ለአረንጓዴ፣ ስምንት ለሰማያዊ። በእነዚህ 24 ሽቦዎች ከ16 ሚሊዮን በላይ ቀለም ይጻፋል። ከእነሱ ጋር አራት አዛዦች አሉ። አንደኛው ሰዓት ነው፤ በመታ ቁጥር አንድ ነጥብ ያልፋል። ሁለተኛው የመስመር ማመሳሰያ፣ ሦስተኛው የገጽ ማመሳሰያ፣ አራተኛው «አሁን የሚመጣው እውነተኛ ሥዕል ነው» ባዩ ነው። የቀሩት ኃይል፣ መሬትና የኋላ መብራት ናቸው።

አንባቢ እዚህ ላይ ሳይጠረጥር አይቀርም። ይህ ሰሌዳ ቱቦ የለው፣ ጨረር የለው፤ ምን ይመልስ ብሎ ነው ማመሳሰያ የሚላክለት? ጥርጣሬው ተገቢ ነው። በሰሌዳው መግለጫ ወረቀት ላይ ወርዱ 800 ሆኖ ሳለ አንድ መስመር 1056 የሰዓት ምት እንደሚፈጅ ተጽፎ ታገኛላችሁ፤ ቁመቱ 480 ሆኖ ሳለ መስመሩ 525 ነው ይላል። 1056 በ525 ሲባዛ 554,400 ነው፤ በሰከንድ 60 ጊዜ ሲደገም 33,264,000 ምት ይሆናል። እውነተኛው ሥዕል ግን 800 በ480፣ 384,000 ነጥብ ብቻ ነው። ትርፉ 170,400፣ ከመቶ 30 የሚበልጠው፣ ዝምታ ነው። የፊት በረንዳ፣ ማመሳሰያ፣ የኋላ በረንዳ። ሰሌዳው ረድፍ ለመቀየር የሚያስፈልገው ጥቂት ፋታ እንዳለ አልክድም። ይህን ያህል ግን አይደለም፤ የዚህ ዕረፍት መነሻ የሞተው ጨረር ነው።

525 የሚለውንስ ቁጥር አስታወሳችሁት? የ1941ዱ የአሜሪካ ቴሌቪዥን ነው። በ1987 አይ.ቢ.ኤም. ቪ.ጂ.ኤ. የተባለውን የኮምፕዩተር ማሳያ ደንብ ሲያወጣ፣ 480 የሚታይ መስመር በ525 ውስጥ አስቀመጠ፤ የመስመሩ ፍጥነትም የአሜሪካ ቴሌቪዥን እጥፍ ነበር። ከቪ.ጂ.ኤ. በኋላ የመጡት ሰሌዳዎች ከነበሩት ማሽኖች ጋር መግባባት ስለነበረባቸው የድሮውን ሥርዓት እንዳለ ወረሱ። የዘርፉ የደረጃ ማኅበር ቬሳ ይህን ዕረፍት የሚያሳጥር ደንብ ያወጣው በ2003 ነው። በረንዳዎቹ ጠበቡ እንጂ አልፈረሱም። አሁንም አሉ።

የሽቦዎቹ ጩኸት

በ1990ዎቹ ላፕቶፕ ሲስፋፋ ሌላ ጣጣ መጣ። ከሰሌዳውና ከአንጎሉ መካከል የሚታጠፍ መገጣጠሚያ አለ። 28 ሽቦ በዚያ ውስጥ እየታጠፈና እየተዘረጋ ማለፍ አለበት፤ እያንዳንዱም በሰከንድ በብዙ ሚሊዮን ጊዜ ሲዋዥቅ እንደ ሬድዮ አንቴና ይጮኻል። ናሽናል ሴሚኮንዳክተር የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ያመጣው መፍትሔ ጥንድ ሽቦ ነው። በጥንዱ ላይ የሚሄዱት ሁለት ምልክቶች ተቃራኒ ናቸው፤ አንዱ ሲወጣ ሌላው ይወርዳል፤ ተቀባዩ የሚያየው ልዩነታቸውን ብቻ ነው። ከውጭ የመጣ ረብሻ ሁለቱን እኩል ስለሚነካ ልዩነቱን አይለውጠውም። በቀድሞው አሠራር 3.3 ቮልት ድረስ ይዘል የነበረው ምልክት በዚህኛው ወደ 0.35 ቮልት ገደማ ወረደ። በአንድ የሰዓት ምት ውስጥ በየጥንዱ ሰባት ሰባት ምልክት ተሰልፎ ስለሚያልፍ፣ ያ ሁሉ 28 ሽቦ አምስት ጥንድ ሆነ።

ይሁን እንጂ ሰልፉ በምን ተራ ይሁን የሚለው አላስማማም። በቬሳ ተራ ለቀለሙ ዋና የሆኑት ሁለት ሁለት ምልክቶች በአራተኛው ጥንድ ይሄዳሉ፤ በጃፓኖቹ ጄይዳ ተራ ደግሞ በአራተኛው የሚሄዱት ደቃቆቹ ናቸው። ሰሌዳው በአንዱ ተራ ሲጠብቅ አንጎሉ በሌላው ቢልክ ስክሪኑ አይጠፋም፤ የባሰ ነገር ያደርጋል። ሥዕሉ ይታያል፣ ፊት ይታወቃል፤ ቀለሙ ግን ሰውየውን ወባ የያዘው ያስመስለዋል። ባለሙያ ያልሆነ ሰው ሰሌዳው ተበላሽቷል ብሎ ይጥለዋል። ሰሌዳው ግን ደኅና ነው፤ የጎደለው ስለ ተራው የምትነግር አንዲት መስመር ጽሑፍ ናት።

ራሱን የማያስተዋውቅ እንግዳ

በ1994 ቬሳ ለኮምፕዩተር ስክሪኖች መልካም ጠባይ አስተማራቸው። እንደ ደንቡ ስክሪኑ ሲሰካ ራሱን ያስተዋውቃል፤ በ128 ባይት ውስጥ የሠሪውን ስም፣ ወርዱንና ቁመቱን፣ በረንዳዎቹን ሳይቀር ይናገራል። በመሣሪያ ሆድ ውስጥ የሚታሰረው ሰሌዳ ግን ብዙውን ጊዜ ይህ ጠባይ የለውም። ገብቶ ዝም ብሎ ይቀመጣል። የሠራው ሰው ያውቀዋል ተብሎ ነው።

ስለዚህ አንድ ሰው ስለ እሱ መጻፍ አለበት። በሊነክስ ዓለም ይህ ጽሑፍ ለረጅም ጊዜ በፕሮግራሙ ውስጥ ተቀብሮ ይኖር ነበር፤ ለእያንዳንዱ ሰሌዳና ቦርድ ለየብቻ። በ2011 የሊነክስ አባት ሊነስ ቶርቫልድስ በአርም አንጎሎች ዙሪያ በተከማቸው ዝብርቅርቅ ላይ በአደባባይ ከተቆጣ በኋላ፣ የመሣሪያው መግለጫ ከፕሮግራሙ ተለይቶ በግልጽ ጽሑፍ እንዲሰፍር የሚያደርገው «የመሣሪያ ዛፍ» የሚባለው አሠራር በእነዚህ አንጎሎች ላይ ተስፋፋ። ሐሳቡ በ1994 ደንብ ሆኖ ከጸደቀው ኦፕን ፈርምዌር የወረደ ነው። ዛሬ ያን ጽሑፍ የከፈተ ሰው ወርድ ይህን ያህል፣ የፊት በረንዳ ይህን ያህል፣ የኋላ በረንዳ ይህን ያህል እያለ ያነብባል። የቱቦ ቴሌቪዥን አይቶ የማያውቅ ወጣት ለሞተ ጨረር የበረንዳ ልክ ይጽፋል።

በሌላ በኩል በር የሚዘጋም አለ። በ2003 የተመሠረተው የሚፒ ማኅበር ያወጣው፣ ዛሬ በስልኮች ውስጥ የተለመደው ግንኙነት ሙሉ ደንቡ ለአባላት ነው። ሰሌዳው ከእንቅልፉ እንዲነቃ የሚላክለት የትእዛዝ ዝርዝርም በየሠሪው ይለያያል፤ ብዙ ጊዜ በምሥጢር ውል ካልሆነ አይሰጥም። ይህ ምሥጢር ለእኛ ምን ማለት እንደሆነ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ መሥሪያ ቤት ስክሪኑ የተሰበረ የላቦራቶሪ መሣሪያ ነበር። ሌላው አካሉ ጤነኛ ነው። ለሠሪው ኩባንያ የፒኖቹን ዝርዝር ላኩልን ብለን ጻፍን፤ መልሱ ዝርዝሩ ለደንበኛ አይሰጥም፣ ሙሉውን የፊት ክፍል ግዙ የሚል ነበር። ዋጋውን ያየው የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ መሣሪያውን ወደ መጋዘን አስገቡት አለ። እኔና አንድ ባልደረባዬ ከመጋዘን አስወጥተን በመለኪያ አንድ በአንድ ፒኖቹን ቆጠርን። መሬቱን ለየን፣ ኃይሉን ለየን፣ ሰዓቱን አገኘን፤ የበረንዳዎቹን ልክ ከማመሳሰያው ምት አወጣን። ሦስት ሳምንት ፈጀ። ተጽፎ ሲያልቅ ከግማሽ ገጽ አልበለጠም።

ግማሽ ገጽ! በየመጋዘኑ አቧራ የለበሰው መሣሪያ ሁሉ እንዲህ ይድናል አልልም። የሚድነው ግን የሚቀረው በዚህች ግማሽ ገጽ እጦት መሆኑን አይቻለሁ። ጥፋቱም የውጭ ኩባንያ ብቻ አይደለም። እኛም «ሙያ በልብ ነው» እያልን፣ ያገኘነውን ብልሃት ለልጃችን እንኳ ሳንነግር መሄድን እንደ ጨዋነት የቆጠርን ሰዎች ነን። አንድ ቴክኒሻን ለወር ታግሎ የፈታውን ግንኙነት ከጎኑ ያለው ሱቅ እንደገና ለወር ይታገለዋል። የበረንዳው ታሪክ የሚያስተምረኝ የዚህን ተቃራኒ ነው። የ1941 ልማድ፣ ምክንያቱ ሞቶ እንኳ፣ እስከ ዛሬ የኖረው ስለተጻፈ ነው። የማይረባው ልማድ በመጻፉ ይህን ያህል ዕድሜ ካገኘ፣ የሚረባው ዕውቀት ቢጻፍ ምን ያህል ይኖር ነበር?

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ያሉት የእኛው ሰዎች ናቸው። የብራና ጸሐፊ ስለ ነገሥታት ብቻ አልጻፈም፤ ቀለም እንዴት እንደሚበጠበጥ፣ መድኃኒት እንዴት እንደሚቀመም የጻፈም ነበረ። የዛሬ ባለሙያም መሣሪያውን ከፍቶ ሲዘጋ ከክዳኑ ውስጥ አንዲት ወረቀት ቢለጥፍ፣ ፒን አንድ መሬት፣ ፒን ሁለት ኃይል፣ ተራው የቬሳ፣ በረንዳው ይህን ያህል ብሎ ቢጽፍ፣ ከእሱ በኋላ ክዳኑን የሚከፍተው ሰው ሥራውን ከዜሮ አይጀምርም። በአማርኛም ቢጽፈው ስክሪኑ አይቀየምም።